የሚነሣ አገርና የሚሠጋ ጎረቤት

ከአምቦ ተነሥቶ የነቀምቴን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ጉደር ይደርሳል። የጉደርን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን አብዛኛው ሰው ስሙን ያወቀው በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ስላየው ነው። ይህ ለከተማዋ ክብር ይሁን ወይስ ቅሬታ፣ ፍርዱን ለጠጪዎቹ እንተወውና እኛ ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ ወይኑ ሳይሆን ስለ ውኃው ነው። የጉደር ወንዝ ከ7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የማያንስ ምድር ያጠበውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ሰሜን ይወርድና ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በሐምሌና በነሐሴ ድልድዩ ላይ ቆሞ ላየው ሰው መልኩ ውኃ አይመስልም፤ የታረሰ መሬት ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል።

ከዓባይ ከተቀላቀለ በኋላ የጉደር ውኃ ጉደር መባሉ ይቀራል። ጉባ ላይ ከተሠራው ግድብ በስተኋላ ከተኛው ሐይቅ ይገባል፤ ተርባይን አዙሮ ይወጣል፤ ሮሴሬስን፣ ካርቱምን፣ አስዋንን አልፎ ከመስኖና ከፀሐይ የተረፈው ሜዲትራኒያን ይደርሳል። እንግዲህ በቶኬ ኩታዬ ወረዳ በሬውን ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬና በግብፅ ደልታ ጥጥ የሚዘራው ገበሬ ሳይተዋወቁ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። በዚህ ጉርብትና ምክንያት ካይሮ ላይ ሚኒስትሮች ይሰበሰባሉ፤ ኒው ዮርክ ላይ የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. እና በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ተቀምጦ ተነጋግሮበታል። ጉደር በሚገኘው በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የማሞ መዘምር ግቢ የሚማር ወጣት ግን የውጭ ጉዳይ ማለት አዲስ አበባ ላይ በጥቁር መኪና የሚመላለሱ ሰዎች ሥራ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሌላ ነገር የነገረው የለምና።

በዚያው በጉደር አካባቢ ኢንድሪስ የሚባል ወንዝ አለ፤ ገበሬው ለመስኖ ይጠቀምበታል። በመስኖ በሚታረስ አገር ሁሉ እንደሚሆነው፣ በበጋ ወራት ከላይ ያለውና ከታች ያለው ይነታረካሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በቅርብ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ጠቡ የሚነሣው ውኃው ባነሰ ጊዜ ብቻ አይደለም። የላይኛው ገበሬ አዲስ ቦይ የቀደደ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር የገዛ ዕለት፣ የታችኛው ገበሬ ማሳው ገና ሳይደርቅ እንቅልፍ ያጣል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡም ብልኆቹ «ውኃው የማን ነው?» ብለው አይጀምሩም፤ ያን ጥያቄ ያነሡ እንደ ሆነ ክረምት እስኪገባ አይጨርሱትም። ስንት ቀን ለላይ፣ ስንት ቀን ለታች፣ ተራውንስ ማን ይጠብቅ ብለው ይጀምራሉ።

የአገራችን የውጭ ፖለቲካ ዛሬ የቆመበት ቦታ ይኸው ነው። ኢትዮጵያ የላይኛው ገበሬ ናት፤ ሞተሩንም ገዝታለች። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆኖ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሕዝብዋ ከመቶ ሚሊዮን አልፎአል፤ ብሪክስ ከሚባለው ማኅበር ገብታለች፤ ስለ ባሕር በርም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች። ይህን ሁሉ እኛ በደስታ እንቆጥረዋለን፤ ጎረቤቶቻችንም ይቆጥሩታል፤ የሚቆጥሩት ግን በሌላ መዝገብ ነው። ስለዚህ ለወጣት ባለሥልጣኖቻችን የቀረበው ጥያቄ «እንዴት እንነሣ?» የሚለው ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን በሥጋት ምክንያት እርስ በርሳቸው ተጠራርተው እንዳይሰበሰቡብን አድርገን እንዴት እንነሣ የሚለው ነው። እኛ ይቻላል ብለን እናምናለን። የሚቻልበትንም የማይቻልበትንም መንገድ ይህ የእኛው አካባቢ ቀደም ብሎ አይቶታል።

የማይቻልበትን መንገድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዓባይ ሳንወጣ የግብፁን ከዲቭ ኢስማኢልን እንመልከት። ኢስማኢል በ1855 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ በዚህ ክፍለ ዓለም የሚነሣ አገር ቢባል ግብፅ ነበረች። የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ካይሮን እንደ ፓሪስ አደርጋለሁ ብሎ ጎዳናና ቤተ መንግሥት ሠራ፤ በኅዳር 1862 ዓ.ም. የስዊስ ቦይ ሲከፈት የአውሮፓን ነገሥታት ጠርቶ ደገሰ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተካፈሉ መኰንኖችን በደመወዝ ቀጥሮ ጦሩን እንዲያሠለጥኑለት አደረገ። ምጽዋን ከቱርክ ተቀበለ፤ ዘይላንና በርበራን ያዘ፤ በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐረርን ወሰደ። ካርታውን ለሚመለከት ሰው ኢትዮጵያ ዙሪያዋን የታጠረች ትመስል ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በዴንማርካዊው በአሬንድሩፕ የሚመራው ጦር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። በዚያው ወር በአውሳ በኩል ሊገባ የሞከረው ሙንዚንገር በአፋሮች እጅ ወደቀ። ከአራት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ በራቲብ ፓሻና በአሜሪካዊው ጄኔራል በሎሪንግ የተመራው ትልቁ ጦር ጉራዕ ላይ ተሸነፈ። እነዚህን ስሞች ትምህርት ቤት ለፈተና እናጠናቸዋለን፤ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከጦሩ ሜዳ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር በዚያው በኅዳር 1868 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተፈጸመው ነው። ጉንደት ላይ ጦሩ ባለቀበት ወር ኢስማኢል ዕዳ ስለ ጠናበት በስዊስ ቦይ የነበረውን አክሲዮን ለእንግሊዝ መንግሥት በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። በሚቀጥሉት ወራት ገንዘብ ያዡ ባዶ መሆኑ ተገለጠ፤ አበዳሪዎቹም የግብፅን ገቢ የሚቈጣጠር ጽሕፈት ቤት አቆሙ። በ1871 ዓ.ም. እሱ ራሱ ከሥልጣን ወረደ። በ1874 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ ጦር ግብፅ ገባ። በዚያ ዓመት በባዕዳን ላይ የተነሣው መኰንን አሕመድ ዑራቢ ራሱ በኢትዮጵያው ዘመቻ በስንቅና በጓዝ ክፍል ያገለገለ፣ የሽንፈቱንም ውርደት በዓይኑ ያየ ሰው ነበረ። ኢስማኢል ያን ያህል የደከመላትን ምጽዋንም በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን ተረከባት፤ ለእኛ ጐረቤትነቱ ከግብፅ የከፋ ሆነ።

ኢስማኢል ሞኝ አልነበረም። አገሩን ይወድ ነበር፤ ትምህርት ቤቶችን ከፍቷል። የጐዳው እርምጃው ከገንዘቡ መቅደሙ፣ የሚፈሩትንም ጎረቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ በየአቅጣጫው ማብዛቱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዓባይን በሚመለከት እኛ ለረጅም ጊዜ የደካማውን ቦታ ይዘን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በአድዋ ካሸነፉ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪንግተን ጋር በተፈራረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን መውረድ የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። ውሉ ማቆምን ይከለክላል እንጂ መጠቀምን አይከለክልም የሚለው የሕግ ክርክር ከዚያ ጀምሮ ያለ ነው፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብፅ እኛን ሳይጠሩ ተስማሙ። ጥቅምት 28 ቀን 1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ካይሮ ላይ ተቀምጠው ውኃውን 55 ነጥብ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለአንዷ፣ 18 ነጥብ 5 ቢሊዮን ለሌላዋ አድርገው ተካፈሉት፤ 10 ቢሊዮን ለፀሐይ ተዉ። ከዚህ ውኃ ከመቶው 86 ያህሉን የምትሰጠው ኢትዮጵያ ድርሻዋ ከፀሐይም ያነሰ ሆነ።

ታዲያ በዚያ ዘመን መንግሥታችን ምን አደረገ? ጦር አልሰበቀም፤ ዝምም አላለም። ክፍፍሉ ገና ሳይፈረም በ1948 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጋዜጣ ባወጣው መግለጫ፣ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያም ካይሮ ለሚገኙ የውጭ አገር ልዑካን በላከው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያ በግዛትዋ በሚገኘው ውኃ የመጠቀም መብትዋ የተጠበቀ መሆኑን አስታወቀ። ቀጥሎም ከአሜሪካ መንግሥት የመሬትና የውኃ ልማት መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ የዓባይን ሸለቆ አስጠና። መሐንዲሶቹ በበቅሎም በሄሊኮፕተርም እየተዘዋወሩ ዓመታት ከሠሩ በኋላ በ1956 ዓ.ም. 17 ቅጽ የሆነ ጥናት አስረከቡ። በዋናው ወንዝ ላይ ለግድብ ይሆናሉ ካሏቸው አራት ቦታዎች አንዱ ካራዶቢ ነው፤ ይህም የጉደር ወንዝ ከዓባይ ከሚገናኝበት አጠገብ ይገኛል። ሌሎቹ ማቢልና መንደያ ይባላሉ። አራተኛው የሱዳንን ወሰን የተጠጋው፣ ያን ጊዜ 1,400 ሜጋ ዋት ይሰጣል ተብሎ የታሰበው ነው።

ያ አራተኛው ቦታ የዛሬው የሕዳሴ ግድብ የተሠራበት አካባቢ ነው። ከጥናቱ መረከብ እስከ መሠረቱ ድንጋይ፣ ማለትም እስከ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ 47 ዓመት አለፈ። በመካከሉ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ታላቅ ረኀብ ሆነ። አሥራ ሰባቱ ቅጽ ግን መደርደሪያ ላይ ቆየ። እኛ ስለ ዲፕሎማሲ ስናስብ በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ንግግር ነው፤ በጄኔቭ የተደረገው፣ በኒው ዮርክ የተደረገው። ያን መዝገብ ሳይጠፋ ጠብቆ ያቆየውን የቢሮ ሠራተኛ ግን የሚያስታውሰው የለም። ካለ መብታችንን ከብዙ አንደበተ ርቱዕ ሰዎች ይልቅ የጠበቀው እሱ ነው።

ግድቡ የተሠራበትም አኳኋን የሚታወስ ነው። የውጭ አበዳሪ በግብፅ ተቃውሞ ምክንያት እንደማይገኝ ታውቆ ወጪው በአገር ውስጥ ገንዘብ እንዲሸፈን ተወሰነ፤ የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን ሰጠ፤ ገበሬውና ነጋዴው ቦንድ ገዛ። በዕዳ የተሠራ ቢሆን ኖሮ አበዳሪው «አቁሙ» ባለ ጊዜ እናቆም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የላይኞቹ አገሮች በኢንቴቤ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. መፈረም የጀመሩት የትብብር ውል ቀስ በቀስ ሄደ። ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. አጸደቀች፤ ሩዋንዳ፣ ታንዛንያ፣ ኡጋንዳና ቡሩንዲ ተከተሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆነችና ውሉ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ መሥራት ጀመረ። አሥራ አራት ዓመት ማለት ነው። ከታችኞቹም ጋር ቢሆን መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የሦስቱ መንግሥታት መሪዎች የመርሕ ስምምነት ፈርመዋል፤ ግብፅ በዚያ ወረቀት ላይ ፊርማዋን ማኖርዋ በኋላ በተነሣው ክርክር ሁሉ ለእኛ ጠቅሞአል። ዋሽንግተን በ2012 ዓ.ም. ባቀረበችው ረቂቅ ላይ ላለመፈረም የተቻለውም ይህ ሁሉ አስቀድሞ ስለ ተሠራ ነው።

የሰውን ሥጋት ወደ ጉባኤ የመለወጥ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተባብለው ተከፋፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ሌላውን በባዕድ ተላላኪነት ይከሰው ነበር። ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ይመሩ የነበሩት አቶ ከተማ ይፍሩ የሠላሳዎቹን ዕድሜ ገና የጀመሩ ወጣት ነበሩ። ኢትዮጵያ ለአንዱ ቡድን ዘብ ከምትቆም ይልቅ ሁለቱን ብታገናኝ እንደሚሻል ንጉሠ ነገሥቱን አሳመኑ፤ በ1954 ዓ.ም. ሰኔ ከጊኒው ፕሬዚዳንት ከሴኩ ቱሬ ጋር አሥመራ ላይ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያም አገር ለአገር ተዞረ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ጠብቶ አልጄሪያና ሞሮኮ በወሰን ሲዋጉ ባማኮ ላይ ካስታረቋቸው አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሀብታም ስለ ነበርን አልነበረም። ማንም ስላልፈራን ነው፤ ብዙዎችም ስላከበሩን።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ሆኑ። የኢትዮጵያ የብሪክስ አባልነት ጸና፤ አዲስ አበባ ላይም ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። የሶማሌላንዱ መሪ ሙሴ ቢሂ አብዲ እንዳስታወቁት ነገሩ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ለ50 ዓመት በኪራይ ስለ ማግኘት ነበር። ሦስተኛ ነገርም በዚያው ወር ሆኖአል፤ መንግሥታችን በ2007 ዓ.ም. ከውጭ ገበያ በቦንድ ለተበደረው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ብድር የሚገባውን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው የሚል ምክንያት ተሰጥቶበታል፤ ምክንያቱም ከንቱ አይደለም። ዳሩ ግን የኢስማኢልን ታሪክ ያነበበ ሰው የኅዳር 1868ን ወር ሳያስታውስ አያልፍም። የእኛ ነገር በብዙ መንገድ ከእሱ የተለየ ነው፤ የተለየ ሆኖ እንዲቀርም ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

ከሰነዱ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ሶማሊያ ሉዓላዊነቴ ተነካ አለች፤ ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር የጦር ውል ተፈራረመች፤ የግብፅ መሣሪያ ሞቃዲሾ ደረሰ። መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሶማሊያና የኤርትራ መሪዎች አሥመራ ላይ ተሰበሰቡ። ግብፅ በግድቡ ክርክር ዘመን ሁሉ ከወሰናችን አጠገብ ልታገኘው ያልቻለችውን መቆሚያ በስምንት ወር ውስጥ አገኘች ማለት ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በቱርክ አደራዳሪነት አንካራ ላይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙ። ስምምነቱ የሶማሊያን ሉዓላዊነት አክብሮ ኢትዮጵያ አስተማማኝ የባሕር መተላለፊያ የምታገኝበትን መንገድ ባለሙያዎች እንዲነጋገሩበት ይላል። ይህ መልካም ነው። አሳዛኙ ነገር አንካራ ላይ የተቀመጥንበት ጠረጴዛ ከታኅሣሥ 22 በፊትም ሊዘረጋ ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ስለ ባሕር በር የሚያነሡትን ሁሉ ጀብደኞች ናቸው የሚል ሰው አለ፤ እኛ አንልም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ፣ ይልቁንም የ1990ው ጦርነት አሰብን ከዘጋብን በኋላ፣ ከንግዳችን ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ያህል በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በአንድ በር የሚገባና የሚወጣ ትልቅ ቤት ጥያቄ ቢያነሣ የሚያስነውር ነገር የለበትም። ክርክራችን ስለ አኳኋኑ ነው። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ፤ በ2010 ዓ.ም. የካቲት ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ ላይ ከመቶው 19 ድርሻ እንድታገኝ ከወደቡ ሠራተኛ ከዲፒ ወርልድና ከሶማሌላንድ ጋር ተስማምታ ነበር። ያ ጸጥ ያለ፣ በንግድ ሕግ የቆመ፣ ማንንም ጦር የማያስመዝዝ ድርሻ ነበረ። በተባለው ጊዜ መሟላት የሚገባው ሁኔታ ሳይሟላ ቀረና በ2014 ዓ.ም. ድርሻው ከእጃችን መውጣቱ ተገለጠ። ጋዜጣው ሁለት መስመር ጻፈበት፤ ሰልፍ የወጣ አልነበረም። ስለ ቀይ ባሕር የሚደረገው ንግግር ሁሉ አዳራሽ በሚሞላበት አገር ውስጥ አሥራ ዘጠኙ በመቶ እንደ ዋዛ ማለፉ እኛን እስከ ዛሬ ይገርመናል።

አሰብን በጉልበት የሚሉም አይጠፉም። በ1990 እና በ1992 ዓ.ም. መካከል የሆነውን ለእነዚህ ሰዎች ማስታወስ ይገባል። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ወጣት ከዚህም ከዚያም ወደቀ፤ የአልጄርሱ ስምምነት በ1993 ዓ.ም. ታኅሣሥ ተፈረመ፤ ወደቡ ግን አልተከፈተም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ የተፈረመው የሰላም ቃል በአሥር ቀን ውስጥ አውሮፕላን አስነሥቶ ቤተሰብ አገናኝቶአል። ያ መንገድ በኋላ ቢሻክርም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መድፍ ያልከፈተውን በር ለጥቂት ወራትም ቢሆን የከፈተው እሱ ነው።

እንግዲህ ወንዙ ያስተማረንን ለባሕሩ እናውለው ብንል የሚቻል ይመስለናል። ለወንዙ መብታችንን አስቀድመን በጽሑፍ አስታወቅን፤ አስጠናን፤ መዝገብ ጠበቅን፤ በራሳችን ገንዘብ ሠራን፤ አምስት አገር ከጎናችን አቆምን፤ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ በመሸጥ ግድቡ ለጎረቤትም እንደሚተርፍ አሳየን። ስለ ባሕሩ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉን ሠርተናል? ስለ ታጁራ፣ ስለ በርበራ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ አሰብ በየአንዳንዱ አሥራ ሰባት ቅጽ አለን ወይ? ከየት እስከ የት መንገድና ሐዲድ እንደሚያስፈልግ፣ ባለ አገሩ በየዓመቱ ስንት እንደሚያገኝ፣ ጭነቱ ማን እንደሚያወርደው ተቆጥሮ ተጽፎአል ወይ? ለጎረቤት «ያስፈልገኛል» ብሎ መንገር አንድ ነገር ነው፤ «አንተ ይህን ያህል ታገኝበታለህ» ብሎ ሒሳብ ማሳየት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ያስፈራዋል፤ ሁለተኛው ቢያንስ እርሳስ ያስነሣዋል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ዛሬ ይህን ገጽ የሚያነቡት ወጣቶች ናቸው። እኛ ራሳችን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ዓመት አልሆነንም። የተማርንበት ክፍል የኃይል ሚዛን የሚባለውን ሐሳብ ከግሪክ ጀምሮ እስከ ቀዝቃዛው ጦርነት አስጠንቶናል። የካይሮን ጋዜጣ አርእስት የሚያነብ ተማሪ ግን በመካከላችን አልነበረም፤ ሶማልኛ የሚናገር ቢኖር ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው። ግብፆች ስለ እኛ የሚጽፉትን እንግሊዞች ተርጕመው ሲሰጡን እናነባለን። የጎረቤትን ሥጋት በአስተርጓሚ የሚሰማ አገር ሥጋቱ ከልክ አልፎ ጠብ የሚሆንበትን ቀን ዘግይቶ ያውቃል። በአምቦም ሆነ በጅግጅጋ፣ በሠመራም ሆነ በባሕር ዳር ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የዓረብኛ፣ የሶማልኛና የትግርኛ ትምህርት ለውጭ ጉዳይ ተማሪ ግዴታ ቢደረግ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከሚወጣው አይበልጥም።

ሌላም በቅርብ ያለ ሥራ አለ። የጉደር ውኃ በክረምት ይዞት የሚሄደው አፈር የሐይቁን ወለል ከሚሞላው ደለል ጋር ይደባለቃል። አፈሩ ለገበሬው ሀብት ነው፤ ለግድቡ ዕድሜ መቀነሻ ነው፤ ለሮሴሬስም የቆየ ችግር ነው። በቶኬ ኩታዬ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን ለገበሬው ማሳ፣ ለጉባ ተርባይንና ለሱዳን ቦይ በአንድ ጊዜ ያገለግላል። ሱዳን ውስጥ ይህን የሚረዱ መሐንዲሶች ሞልተዋል። የእርከኑ ሥራ ግን እስከ ዛሬ በግብርና መሥሪያ ቤት መዝገብ እንጂ በውጭ ጉዳይ መዝገብ አይጻፍም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተነጋግረው በክርክሩ ጊዜ ለጎረቤት የሚያሳዩት አንድ ወረቀት ቢያዘጋጁ ምን ይከለክላቸዋል?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሱዳን ጎርፍ በደረሰ ጊዜ የግብፅ የውኃ ሚኒስቴር ጥፋቱን በግድቡ አለቃቀቅ ላይ ጣለ፤ የእኛም መንግሥት ክሱ ሐሰት ነው ብሎ መለሰ። መልሱ የተሰጠው ክሱ ዓለምን ከዞረ በኋላ ነው። በግድቡ ላይ ወደ ሐይቁ የሚገባውም ከሐይቁ የሚወጣውም ውኃ በየዕለቱ ይለካል፤ ቁጥሩ በእጃችን ነው። ይህ ቁጥር በየማለዳው በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ለሕዝብ ቢገለጥ ምሥጢር የሚወጣበት ነገር የለውም፤ የካርቱም ገበሬም ከብቱን ከወንዙ ዳር መቼ እንደሚያርቅ ያውቃል። ለዚህ የሚያስፈልጉት አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ተርጓሚና አንድ ጸሐፊ ናቸው። ሥራቸውን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢጀምሩ የካይሮ መሥሪያ ቤቶች ሳይከፈቱ ያደርሱታል።